«አቋረጠች» የሚለው ቃል
(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን የሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ መግቢያ አላበዛም። ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ይኸውም በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጀልዱ፣ በጌዶ፣ በባኮ የሚማር ተማሪ ጉዳት ሲደርስበት፣ ወይም ሊደርስበት መሆኑን ሲያውቅ፣ ለማን ይነግራል፤ ከነገረስ በኋላ ነገሩ የት ይደርሳል የሚል ነው። «ይህ የፖሊስና የዳኛ ሥራ ነው፤ የተማሪዎች ኅብረትን ምን አገባው?» የሚሉ እንዳሉ ባለፈው ስብሰባ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ነገሩ የሚጀመረው ከፖሊስ ጣቢያ አስቀድሞ፣ በየጠዋቱ ስም ከሚጠራበት ወረቀት ላይ ነው እላለሁ። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ያን ወረቀት በእጄ ስሞላ የነበርሁት እኔው ነኝና ነው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክፍላችን ሞኒተር ነበርሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራው እርሱ ብቻ የተወቀሰ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ነገር ግን የአንድ ትምህርት ቤት አይደለም። የሞኒተርን ሥራ ታውቁታላችሁ። ጠመኔ ማምጣት፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ መምህር ሳይገባ የሚረብሹትን ስም መጻፍ፣ ከሁሉም በላይ የቀረውን ተማሪ መመዝገብ ነው። በዚህ ሥራዬ ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር።

ከፊቴ ባለው ዴስክ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ከሚገኝ ቀበሌ መጥታ፣ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር በከተማው ዳር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። በዚህ አዳራሽ ካለነው ስንቶቻችን በዚያ ኑሮ አልፈናል! ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ ወላጆች ቤት መሄድ፣ እሑድ ሲመሽ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሞ መመለስ ነው። ድንቹ፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ በፌስታል የታሰረው እንጀራ። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ይሻግታል፤ የሻገተውን ወገን በጣት እየቀነሱ ይበሏል። የጀልዱ ልጆች በድንች ብቻ ሁለት ሴሚስተር እንደሚዘልቁ ማንም የሚያውቀው ነው፤ እነርሱም ራሳቸው ይስቁበታል።

እንግዲህ ስለ ተማሪ ደኅንነት ሲነሣ ስለ ትምህርት ቤቱ አጥርና ስለ ዘበኛው ብቻ መናገር ከንቱ ነው። አጥሩ የሚጠብቀው በቀን ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ የመንገድ ነው፤ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ በሩ በሽቦ የሚታሰር የኪራይ ቤት ነው፤ ማታ ከጓሮ ያለው መጸዳጃ ነው። አከራዪቱ ደግ ሴት ብትሆን ልጆቹ እንደ እናት ያዩአታል፤ ደግ ባትሆን የሚጠይቃት የለም። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ የትኛው ቤት እንደሚያድሩ አያውቅም፤ ወላጅም የመምህሩን ስም አያውቅም። ልጅቱ በሁለት ዓለም መካከል ብቻዋን ናት።

በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ይህች ልጅ ወደ ኋላ ዞረችና «ሞኒተር፣ ለቲቸር ንገርልኝ» አለችኝ። አንድ ጎልማሳ በሞተር ሳይክል፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ እሑድ እሑድ መንገድ ላይ እየጠበቀ ያስቸግራታል። ባለፈው እሑድ ደግሞ «ዘንድሮ ትምህርትሽ ያልቃል» ብሏታል። «አንቺ ራስሽ ለምን አትነግሪያቸውም?» ብላት «እንዴት ብዬ?» አለችና ወደ ደብተሯ አቀረቀረች። የክፍላችን ኃላፊ ወንድ ነበሩ። ለሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለወንድ መምህር መንገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ነገርሁ። በእረፍት ሰዓት፣ በኮሪደር ላይ፣ መምህራችን የታረመ የፈተና ወረቀት ታቅፈው ሲሄዱ ከጎናቸው እየተጣደፍሁ ነገርኋቸው። «እሺ፣ እናያለን» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። አምስት ክፍል ያስተምሩ ነበር፤ የእኛ ክፍል ብቻ ከ60 በላይ ተማሪ ነበረው፤ ቢሮ እስኪደርሱ ረሱት። እኔ ግን ከመርሳት የባሰ አደረግሁ፤ «ተናግሬያለሁ፣ ከእኔ ወርዷል» ብዬ ተኛሁ።

ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጅቱ ቀረች። በስሟ ትይዩ የመቅረት ምልክት አደረግሁ። በማግሥቱም አደረግሁ። ሳምንታት ሙሉ በአንድ መስመር ላይ ምልክት ስደረድር ቆየሁ። የሴሚስተሩ ሮስተር ሲሠራ በስሟ ትይዩ በአፋን ኦሮሞ አንድ ቃል ተጻፈ፤ በአማርኛ ሲመለስ «አቋረጠች» ማለት ነው።

እውነቱን በኋላ ሰማን። እሑድ ማታ ከመንገድ ወስደዋታል። ሽማግሌዎች ተላኩ፤ ከብትና ገንዘብ ተቆጠረ፤ ወላጆቿ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ብለው እሺ አሉ፤ ነገሩ አለቀ። እንግዲህ አስቡት። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ያውቁ ነበር፤ አከራዪቱ ታውቅ ነበር፤ እኔ አውቅ ነበር፤ መምህሩ ተነግሯቸው ነበር። የማያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳ ወደ ዞን የተላከው ደግሞ ወረቀቱ ነው።

በዚያ ዓመት ከክፍላችን «አቋረጡ» የተባሉት እርሷ ብቻ አልነበረችም። አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ውጭ እየጠበቁ የሚደበድቡት ጎረምሶች ስለ ነበሩ ተወ። አንዱ የቤት ኪራይ አጥቶ ወደ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ሄደ። አንዲቱ ታመመች። ሌላዋ ስለ አንድ መምህርና ስለ ማርክ የሚወራ ነገር ነበረባት፤ እርሱን እዚህ አልዘረዝረውም። አራቱም በአንድ ቃል ተጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሪፖርት ሲነበብ የተማሪዎች መጠነ ማቋረጥ ምክንያቱ «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ነው ተባለ፤ ወላጆቹም በትሕትና አጨበጨቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በትምህርት ቤቶቻችን ችግርን መናገር ለምን እንደ ነውር ይቆጠራል? አንዳንድ የከተማ ልጆች «ባላገሩ መብቱን ስለማያውቅ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አገራችን የተናገረ ሰው ሁለት ጊዜ የተጎዳባት አገር ናት። በደርግ ዘመን በቀበሌው «ጠቋሚ» የሚባል ሰው ነበር፤ አባቶቻችን ያን ስም አልረሱትም። በኋላም «አንድ ለአምስት» የሚባል አደረጃጀት መጥቶ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ተማሪ ተማሪውን እንዲጠብቅ ተደረገ። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ልጅ «ሪፖርት አድርግ» ሲሉት መጀመሪያ የሚታየው ጆሮ ጠቢ ነው። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ጨዋነት ይለዋል። አልፈርድበትም።

ዳሩ ግን ጥቆማና አቤቱታ አንድ አይደሉም። ጠቋሚ የሚናገረው በላይ ላለው ሰው ነው፤ ደመወዙንም የሚያገኘው ከላይ ነው። አቤት ባይ የሚናገረው ለራሱ ወይም ለወደቀ ጓደኛው ነው፤ ስሙንም አይሸሽግም። ይህን ልዩነት አባቶቻችን በደንብ ያውቁት ነበር። በኦሮሞ ባህል «ኢያ» የሚባል የድረሱልኝ ጥሪ አለ፤ በአንድ ጎጥ የተሰማውን ጥሪ የሰማው ሰው ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ያሳልፋል እንጂ «ሰማሁ» ብሎ አይቀመጥም። በአማራውም አገር ኡኡታ የሰማ ሰው ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል። በቀድሞ ዘመን የነበረው አፈርሳታም፣ ወይም አውጫጭኝ የሚሉት፣ ወንጀል ሲሠራ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ የሚደረግበት ሥርዓት ነበር። ብዙ ግፍ እንደ ነበረበት አውቃለሁ፤ ድሀው ከእርሻው ተፈትቶ ቀን ይቆጥርበት ነበር፤ ይመለስ አልልም። ሆኖም የሰማ ሰው ባለ ዕዳ ነው የሚለው አሳብ ከፈረንጅ የተዋስነው አለመሆኑን ያሳያል። እኔ በኮሪደሩ ላይ ኢያውን አሳለፍሁ፤ መምህሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። መቆሙን ግን ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ ምክንያቱም ጥሪው በቃል ነበርና።

ሕጉ አልጎደለብንም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። (ይህን አንቀጽ ጎማ ይዞ በር ላይ ለሚቆም የዩኒት ሊደር ያነበበ ተማሪ ካለ ምን እንደ ደረሰበት ይንገረን።) በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 11 ማንኛውም ሰው ወንጀሉ ሲሠራ በዓይኑ ባያይም እንኳ ለማመልከት መብት አለው ይላል። ስለዚህ እኔ የ10ኛ ክፍል ሞኒተር ሆኜ ያልነበረኝ መብት ሳይሆን ወረቀት ነበር። ስለ ጠለፋ ደግሞ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀርለት ያደርግ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ በቁጥር 587 ለጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደነገገ፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት እንደማያድን በግልጽ ጻፈ።

ነገር ግን ሕጉ ከመለወጡ በፊት በአርሲ የሆነውን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ የሕግ ተማሪዎች ታውቁት ይሆናል። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ፖሊስ አስለቀቃት፤ ሰውዬው ተያዘ። በዋስ በተፈታ ጊዜ ደግሞ እንደገና ጠለፋት፤ በግድም የጋብቻ ውል ላይ አስፈረማት። ልጅቱ አምልጣ አቤት አለች። በ1995 ዓ.ም. የጉና ወረዳ ፍርድ ቤት 10 ዓመት፣ በግብረ አበሮቹም ላይ ስምንት ስምንት ዓመት ፈረደ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «በፈቃዷ ነው» በሚያሰኝ ምክንያት ፍርዱን ሻረው፤ ተፈቱ። የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያዎች ሴቶች ማኅበርና አንድ የውጭ አገር ድርጅት ጉዳዩን ይዘው እስከ አፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሄዱ፤ ኮሚሽኑም በ2008 ዓ.ም. መንግሥት 150,000 ዶላር ካሣ እንዲከፍላት ወሰነ። ከጠለፋው እስከ ውሳኔው ወደ 15 ዓመት ነው። የ13 ዓመቷ ልጅ የ28 ዓመት ሴት ሆናለች ማለት ነው።

ይህን የነገርኋችሁ ለማሳዘን አይደለም። በዚያ ሁሉ ዓመት ነገሩ ሳይሞት የቆየው በምን እንደ ሆነ እንድታዩ ነው። ልጅቱ ገና ከጅምሩ ያለችው ነገር በአንድ ቦታ ተጽፎ፣ ቀን ተደርጎበት ስለ ቆየ ነው። እኔ የማውቃት ልጅ በአርሲ ካለችው ያነሰ በደል አልደረሰባትም። የእርሷ ግን ከሮስተሩ ቃል በቀር ምንም የለም።

ስለ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም አንዳንድ የተማርን ነን ባዮች ሽምግልናን በሙሉ ሲያጣጥሉ እሰማለሁ። ደም ለማድረቅ፣ ድንበር ለማስታረቅ፣ ሁለት ቤት እንዳይፋጅ ለማድረግ ሽማግሌ የሚተካው የለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። በጥላው ሥር የሚቀመጡት የወንድየውና የልጅቱ አባቶች ናቸው፤ የሚታረቁትም እነርሱ ናቸው። ልጅቱ በሸንጎው ላይ የለችም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ጠብ የእርሷ ጠብ አይደለም።

እስካሁን የአንዲት ልጅን ጉዳይ ተናገርሁ። የብዙዎች አቤቱታ ሲሆንስ? ይህን በአምቦ ቆሞ ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም በዚህ ከተማ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ተማሪዎች ስለ ኳስ ሜዳቸውና ስለ ጭልሞ ደን ድምፃቸውን አሰሙ፤ እሳቱ በኦሮሚያ በሙሉ ተያያዘ፤ ማስተር ፕላኑም በጥር ወር ቆመ። እኔ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ እናቴ በሩን ዘግታ መሬት ላይ እንድንተኛ ማድረጓን አስታውሳለሁ። የፖለቲካውን ፍርድ ለሌላ ጊዜ እተወዋለሁ። ለዛሬው ነገሬ የሚበቃው በየቤታችን የቀረው ትምህርት ነው፤ ይኸውም «ስምህን በወረቀት ላይ አታስፍር» የሚል ነው። ወላጆቻችን ይህን ሲሉን ፈሪዎች ሆነው አይደለም፤ ቀብረው ነው።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ተማሪዎች በመንገድ ታገቱ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ በነቀምቴ፣ በባኮ፣ በጌዶ፣ በጉደር አድርጎ በዚሁ በበራችን የሚያልፈው ነው። በጥር ወር መንግሥት 21 ተማሪዎች ተለቀዋል ብሎ አስታወቀ፤ ወላጆች ግን «ልጆቻችንን አላየንም፣ ድምፃቸውንም አልሰማንም» አሉ። እነዚያ አባቶችና እናቶች አልፈሩም፤ ተናገሩ፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሄዱ። የጎደለው መናገር ሳይሆን መልስ ነበር። ስለዚህ «ተማሪዎች ዝምታን ስበሩ» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው፤ እንዲያውም መልስ በሌለበት ማናገር ሰውን ማታለል ነው።

አሁን ኅብረታችን ምን ያድርግ? ባለፈው ወር አንድ ጓደኛችን በየትምህርት ቤቱ የአስተያየት ሣጥን እንስቀል የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። በቅንነት እንዳቀረበው አውቃለሁ። ነገር ግን የአስተያየት ሣጥን በየትምህርት ቤቱ ተሰቅሎ አይተናል። የሚሰቀለው በርእሰ መምህሩ በር አጠገብ፣ ሁሉም ሰው በሚያይበት ቦታ ነው፤ ቁልፉ ጠፍቷል፤ ውስጡ ሸረሪት ይኖራል። በእኛ ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ተሰብሮ ሲከፈት የተገኘው የማስቲካ ወረቀትና «ምሳ ሰዓት ይርዘም» የሚል ቁራጭ ነበር።

እኔ የማቀርበው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። አንድ ጠንካራ ባለ 200 ገጽ መዝገብ ይገዛ፤ ቅጠል ተቀድዶ እንዳይወጣ ገጹ ሁሉ አስቀድሞ በቀለም ይቆጠር። አንድ ተማሪ ለራሱ ወይም ለጓደኛው ሲናገር ቀኑ፣ ያለው ቃል፣ የተቀበለው ሰው፣ ከዚያም የተሰጠው መልስ በየዓምዱ ይጻፍ። በካርቦን አንድ ግልባጭ ይውጣና ለተናጋሪው ይሰጥ፤ ያ ግልባጭ ነው ዋናው ነገር፤ «እናያለን» ያለ ሰው ምን እንዳየ በሳምንቱ የሚጠየቅበት እርሱ ነው። ቃሉ ልጅቱ በተናገረችበት ቋንቋ ይጻፍ፤ በአፋን ኦሮሞ የተናገረችው በአፋን ኦሮሞ ይቀመጥ፤ ሲተረጎም የሚለሰልስ ነገር አለና። ተቀባዮቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዲቱ ሴት መምህርት፣ ሌላው ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት የተመረጠ ሰው። መዝገቡ በርእሰ መምህሩ መሳቢያ አይቀመጥ፤ አንዳንድ ጊዜ አቤቱታው ስለ እርሱ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ማንኛውም መምህር «አቋረጠ» ብሎ ከመጻፉ በፊት ተማሪው ወዳደረበት ቤት ሰው ልኮ ምክንያቱን በመዝገቡ ላይ ያስፍር። ከሁሉ ይልቅ ይህ የመጨረሻው እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ ተላላኪ ነው።

ነገሩ ጠለፋ ወይም መድፈር ሲሆን ግን መዝገብ ተራ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታልና ፖሊስ ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ ሆነው ተጎጂዋን የሚቀበሉበት ማዕከል አለ፤ ልጅቱ ታሪኳን በአምስት ቢሮ እንዳትደጋግም የተደረገ ነው። በየወረዳው እንዲህ ያለ ማዕከል እስኪኖር አንጠብቅም፤ ልጅቱን ይዛ የምትሄድ አንዲት ሴት መምህርት፣ የተጻፈ አንድ ወረቀት ከእጇ ጋር፣ ብዙ ሥራ ትሠራለች።

አሳቡን ለሁለት መምህራን አሳይቻቸው ነበር። አንደኛው «በሐሰት የሚከሰስ መምህርስ?» አሉኝ። የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ማርክ ያነሰው ተማሪ በቂም ሊናገር ይችላል። ነገር ግን ዛሬም ቢሆን መምህሩ ከሐሜት አልዳነም፤ ሐሜት ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ መልስ አይሰጡትም። የተጻፈ ነገር ሲሆን «በዚህ ቀን እኔ በጉደር ስብሰባ ላይ ነበርሁ» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ሁለተኛው መምህር ያሉኝ ግን ከዚህ ይከብዳል። «ከተማው ትንሽ ነው፤ ልጅቱ ወደ መምህርቷ ቢሮ ስትገባ የታየች ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል» አሉኝ። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ስሟ በመዝገቡ ላይ በቁጥር ይተካ፤ ስሙ ያለበት ወረቀት ለብቻው ይቆለፍ ብዬ አስቤያለሁ፤ በትንሽ ከተማ ቁጥር ስምን እንደማይሸፍን ግን አውቃለሁ። ከእናንተ የተሻለ አሳብ ያለው ይርዳኝ።

ባለፈው ዓመት በጉደር ገበያ ያችን ልጅ አገኘኋት። ሕፃን አዝላ ሽንኩርት ትሸጣለች። ወዲያው አወቀችኝ፤ ዛሬም «ሞኒተር» ነው የምትለኝ። ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ሰምታ ኖሮ ደስ አላት። ከዚያ ሽንኩርቱን እየመዘነች «ያን ጊዜ ነግረሃቸው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነግሬያቸው ነበር አልኋት። «ምን አሉ?» አለች። «እናያለን» አሉ አልኋት። ሳቀች፤ ሁለት ራስ ሽንኩርት መርቃ ሰጠችኝ።

የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ ለ12 ደብተሮችና ለካርቦን ወረቀት የሚሆን ገንዘብ ፈቅዷል። ለክረምት ወደየወረዳችሁ ስትሄዱ ለቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ አንድ አንድ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከርእሰ መምህሩና ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተነጋግራችሁ በመስከረም መዝገቡ ሥራ ይጀምራል፤ በገና ዕረፍት ደግሞ ሄዳችሁ የመልሱ ዓምድ ባዶ መሆን አለመሆኑን ታያላችሁ። የሚሄዱት ሰዎች ስም እስከ ዓርብ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ከጀልዱ፣ ከጊንጪና ከጉደር ሰው አግኝተናል። ከጌዶና ከባኮ እስካሁን ማንም አልመጣም፤ የጌዶና የባኮ ልጆች በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አያለሁና ከስብሰባው በኋላ በሩ አጠገብ እጠብቃችኋለሁ።